የቡና ድግምት በተከለከለበት ሰሞን

ሰርቦ የምትባል የቡና አገር አስተማሪ ሆኜ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። ደመወዝ የለውም፤ ስብሰባ ግን ሞልቶታል። በደርግ ጊዜ ከስብሰባ የተረፈ ሰው አላውቅም።

ያኔ በየቡናው ማሳ ዳር፣ ከአንዱ ዛፍ ላይ፣ በአሮጌ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ተንጠልጥሎ ይታያል። ድግምት ነው። የሰው ቡና የለቀመ ሰው እጁ ያብጣል፣ የሚያድነውም ቋጠሮውን ያሰረው ብቻ ነው ይባላል። የሚያስሩት አንድ ቀጭን፣ ሳል የማያጣቸው ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ከተማ ያደግኩ ሴት ነኝ፣ አላምንም። ግን ነገሩ እረፍት ነሳኝና አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግራ ቀኝ አይቼ ሦስት ፍሬ ቀጠፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር ጣቶቼን ሳይ ሰነበትኩ። ምንም አልሆንኩም። አራተኛ ግን አልቀጠፍኩም።

ከዚያ ኋላ ቀር ልማድ ይጥፋ የሚል መመሪያ መጣ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሽማግሌውን አስጠርቶ፣ “ከእንግዲህ አላስርም ብለው ይፈርሙ፤ እምቢ ካሉ ይታሰራሉ” አላቸው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

“ልጄ” አሉኝ፣ “ውሸት ከሆነ ምኑን ትከለክሉኛላችሁ? እውነት ከሆነስ ወረቀት ያስቆመዋል?”

ወረቀቱንና የጣት ቀለሙን አቀረብኩላቸው።

“እሺ፣ ወላሂ አላስርም” ብለው አውራ ጣታቸውን አተሙ። ቋጠሮዎቹ ከየማሳው ተሰብስበው ተቃጠሉ። አንዱን ግን አስቀድሜ ሰርቄ ፈታሁት፤ የቀንድ ስባሪና አመድ ነው ያለው። ምን እንደጠበቅኩ እንጃ፣ ቅር አለኝ።

ቡናው ሲቀላ ሌባ ገባ። መጀመሪያ የገበሬውን፣ ቀጥሎ የማኅበሩን የጋራ ማሳ ለቀመው። ይሄኛው ሊቀመንበሩን ያስጠይቀዋል። ቢሮውን ዘግቶ ሽማግሌውን አስቀመጣቸው።

“አባቴ፣ ለጋራው ማሳ ብቻ አንድ ይሰሩልን። ይሄ እኮ ለሰፊው ሕዝብ ነው።”

“ፈርሜያለሁ።”

“የከለከልኩት እኔ፣ የፈቀድኩት እኔ!”

“ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ የማልኩት በአንተ ነው እንዴ? በአላህ ነው።”

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ሲያስሩ ለማየት ጓጉቼ ነበር። “አባቴ፣ አንዴ ቢያደርጉትስ ምናለበት?” ብዬ ለመንኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

ሊቀመንበሩ ደሙ ፈላ። ሽማግሌውን ወደ ማኅበሩ መጋዘን አስወስዶ አስቆለፈባቸው፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ “ጻፊ!” አለኝ።

“ምን ብዬ?”

“ድግምት ሲሠሩ ተገኙ ብለሽ።”

አፈርኩ፣ ፈራሁም። ፍርሃቱ በለጠና ጻፍኩ።

በማግስቱ ባለቤታቸው ምግብ ይዘው መጡ። ምን አድርገው ነው የታሰሩት ብለው ጠየቁኝ። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆሟል። መዝገቡን አነበብኩላቸው።

አሮጊቷ ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። “በአላህ ምለው ነበር እኮ” አሉኝ። “መሐላቸውን አፈረሱ?”

መዝገቡን ከድኜ ሳህኑን ተቀበልኳቸው።