ሃያ ቋጠሮ ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ የአባቴን ጋራዥ ሳጸዳ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ነገር ራሴ ላይ ወደቀ። ገመድ ነበር። ድሮ ሰማያዊ የነበረ፣ አሁን ግራጫ የሆነ፣ በየእርምጃው ተቋጥሮ በየቋጠሮው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የጋራዡን ቤንዚን አልፎ የዚያ ሐይቅ ሽታ መጣብኝ፤ እርጥብ እንጨት፣ ናፍጣና አሸዋ። መጥረጊያውን አስቀምጬ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ አባቴ ሳወራ እንደምጎርር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይቅርታም አልጠይቅበትም።

አባቴ አገር ቤት የመንገድ ቀያሽ ነበር። እዚህ ሚኒሶታ ደግሞ የኤርፖርት መንገደኞችን ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር። ሥራው ተቀየረ እንጂ ዓመሉ አልተቀየረም። ቡርንስቪል ወደነበረው አፓርታማችን አንዲት ሶፋ ለማስገባት በሩን ሦስት ጊዜ ይለካል። እናቴ «ይኼ ሰውዬ እኔንም ለክቶ ነው ያገባኝ» ትል ነበር።

ነገሩ የሆነው ወረርሽኙ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በዚያኛው ክረምት፣ ማለትም በሐምሌው ሙቀት፣ የእድራችን ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ቅርባችን ወዳለ ሐይቅ ሄደው ነበር። እኔ ስድስት ዓመት የሞላውን ታናሽ ወንድሜን እንድጠብቅ ተነገረኝ። ጠበቅኩት፤ ከዚያ ስልኬ ጮኸና ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ወንድሜ አልነበረም። አንድ የማናውቀው ዓሣ አጥማጅ ነው ከውሃው ጎትቶ ያወጣው። አስሎ፣ አስመልሶ፣ ተረፈ። እናቴ ጮኸችብኝ፣ አለቀሰችብኝ፣ ወጣላት። አባቴ ግን ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረኝም። ዓመቱን ሙሉ ዝም አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜም ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚባል ነገር ጠላ። ገንዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ መታጠብ እንኳ አስጮኸው።

በሚቀጥለው ዓመት ከሆፕኪንስ እስከ ዉድበሪ የተበተነው የእድራችን ሰው ሲሰበሰብ፣ ልጆቹ ስለ አንድ ነገር ብቻ ያወሩ ነበር፤ በሱፔሪየር ሐይቅ ላይ መኪና ጭኖ ወደ ደሴት ስለሚሻገረው ፌሪ። ሰብሳቢዋ ሴትዮ ግን እጃቸውን አጣጥፈው «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። አምና አይተነዋል። ለልጆቻችን ማን ኃላፊነት ይወስዳል?» አሉ። አባቴ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ።

«እኔ እወስዳለሁ። አንድ ቀን ኦፍ ልውሰድና ሄጄ ልየው። ልጅ የማያሰጥም ቢች ከሌለ፣ የለም ብዬ እነግራችኋለሁ።»

ቤት ስንገባ ወደ እኔ ዞረና «ቢቹን አንቺ ምረጪ» አለኝ። እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር፤ እጇ ቆመ።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ከረምኩ። በመጨረሻ ከደሴቱ ዳርቻዎች መካከል ሰው ሁሉ አምስት ኮከብ የሰጠውን መረጥኩ። ነጭ አሸዋ፣ የእንጨት መሄጃ፣ ጥላ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ፀሐይ ስትወጣ የተነሳ ፎቶ! ኮራሁ። አባቴ ፎቶውን አየና «ቆንጆ ነው። ጥልቀቱስ?» አለኝ። ፎቶ ጥልቀት አያሳይም።

ሌሊቱ ሳይነጋ አባቴ፣ ወንድሜና እኔ በአሮጌዋ ሚኒቫን ተነሳን። ከእንግሊዝኛ በቀር የማይናገረው ወንድሜ «ኖ! አይ አም ኖት ጎይንግ!» እያለ ነው የተጫነው። አባቴ ያለ እሱ አይሆንም ብሎ ነበር፤ ከመነሳታችን በፊትም በሩ ላይ አቁሞት፣ ደረቱ የደረሰበትን ልክ በቢላ ረጅም ዱላ ላይ ጭሮታል። «ውሃው የሚለካው በአጭሩ ሰው ነው» አለ። ለወንድሜ የሕይወት አድን ጃኬትም ገዝቶ ነበር። «ጃኬቱም ይኑር፣ ውሃውም ይለካ።»

ፌሪው ላይ ከመኪና ወጥተን ቆምን። ብረቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ናፍጣው ይሸታል፣ ወፎቹ ይንጫጫሉ፣ የሐምሌ ፀሐይ እያለም ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ የአባቴን ቀበቶ ይዟል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ አሮጊት ትኬት ሊቀበሉን መጡ። አባቴ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«ጠይቂልኝ። እዚህ ደሴት ላይ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን የሚያዋኙት የት ነው?»

አፈርኩ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እንዲያም ሆኖ ጠየቅኳቸው። አሮጊቷ ሳቁና ከጫካው ጀርባ ስላለች አንዲት ትንሽ የሐይቅ ወሽመጥ ነገሩኝ። ስልኬ ላይ ፎቶዋ እንኳ አልነበረም። የሳምንት ልፋቴ ከንቱ ሲቀር ታየኝ። ወደ አባቴ ዞሬ የእኔን ዳርቻ ስም ጠራሁለት።

«እዚያ ነው አሉ» አልኩት።

ዓይኔን ትንሽ አየኝና «እሺ» አለ።

የእኔ ዳርቻ በእውነት ውብ ነበር። ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው ተኝተዋል። አባቴ በመካከላቸው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ዱላውን ይዞ፣ በየእርምጃው የቋጠረውን ያንን ሰማያዊ ገመድ ወገቡ ላይ ሲያስር አፍሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ከዚያ የገመዱን ሌላ ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋ። ያን ጊዜ ነው ዋና እንደማይችል ትዝ ያለኝ።

«አባዬ፣ ከዛፉ ጋር እሰረው።»

«ዛፍ አይሰማም። የምትይዢኝ አንቺ ነሽ።»

ወንድሜን ያልጠበቅኩትን እኔን ነው እንግዲህ! ገመዱን በሁለት እጄ ጠመጠምኩት። እሱ እየቆጠረ ገባ። አንድ ቋጠሮ በእጄ ውስጥ አለፈ፣ ሁለት፣ አምስት። ውሃው ጉልበቱ ላይ ነው፤ በቀዝቃዛነቱ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ከዚያ ቀጣይዋ ቀይ ጨርቅ ከመዳፌ ስታመልጥ አባቴ ጠፋ። ባርኔጣው ብቻ ውሃው ላይ ቀረ። ከኋላዬ የወንድሜን ጩኸት ሰማሁ። እንዴት እንደጎተትኩ አላውቅም። ተረከዜን አሸዋው ውስጥ ቀብሬ፣ መዳፌ እየተላጠ ጎተትኩ። ወንድሜም መጥቶ ወገቤን ይዞ ይጎትታል፤ ሁለታችንም እግራችን ውሃ ውስጥ ነበር።

አባቴ በእንብርክኩ ወጣ። ተፋ፣ አሳለ፣ ፊቱን ጠረገ።

«አሥራ አንድ» አለ። «ጻፊ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። አሮጊቷ ያሉት ሌላ ቦታ እንደነበር፣ እንደዋሸሁት፣ ሁሉንም አፈረጥኩት። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ይጨምቅ ጀመር።

«ሰምቻለሁ እኮ» አለኝ። «የተሰበረው እንግሊዝኛዬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ገባህ?»

«አንቺ የመረጥሽውን ሳልለካ አልጥልም።» ካልሲውን አራግፎ ድንጋይ ላይ አሰጣው። ቀስ ብሎም፣ «አምናም ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አልነበረም። ቀያሽ ሆኜ ልጆቼን ወዳልተለካ ውሃ የሰደድኩት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩሽ» አለኝ።

ለካ ዓመቱን ሙሉ እኔ የተቆጣኝ ሲመስለኝ፣ እሱ በራሱ ተቆጥቶ ነበር።

አሮጊቷ ወዳሏት ወሽመጥ ሄድን። ዳሯ ጠጠር ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሣር ይሸታል፤ አንድ ኮከብም የሚሰጣት የለም። አባቴ ገመዱን እንደገና ታጠቀ፣ እኔም ያዝኩ። ቀኝ፣ መሐል፣ ግራ፣ ሦስት ጊዜ ገባ። ሃያ ቋጠሮ ሄዶ ዱላውን ቀጥ ሲያደርግ ውሃው የወንድሜ ደረት ምልክት ላይ አልደረሰም። ፀሐይ ስላገኘው ሞቅ ያለ ነበር፤ ከታች ያለው አሸዋ እንደ ቤት ወለል ይታያል። አባቴ ከሃያኛው ቋጠሮ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ወንድሜን አልጠራውም፤ እጁን ብቻ ዘረጋ።

ወንድሜ ገመዱን አየ፣ እኔን አየኝ። «ዩ ጋት ኢት?» አለኝ።

«ይዤዋለሁ» አልኩት።

ቋጠሮ በቋጠሮ ገመዱን እየጨበጠ ሄደ። ሲደርስ ዞሮ፣ በሕይወቱ ካደረገው ጩኸት ሁሉ በሚበልጥ ድምፅ፣ «ሆዴ ላይ ነው!» አለ። በአማርኛ!

ከሁለት ሳምንት በኋላ የእድሩ መኪናዎች በሁለት ዙር በፌሪ ተሻገሩ። አባቴ ከሁሉ ቀድሞ ችካሎች ተክሎ ገመዱን ከዳር ወደ ውሃው ውስጥ ዘርግቶት ነበር፤ ቀያዮቹ ጨርቆች በነፋሱ ይውለበለባሉ። እዚህ አገር ሰው ደረቱ ላይ ያለውን የስም መለያ እያየም «ሄይ፣ ድራይቨር» የሚለው አባቴ፣ ያን ቀን እናቶች ሁሉ «ኢንጂነር» አሉት። ሰብሳቢዋ ሴትዮ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ አምስተኛው ቋጠሮ ገቡና «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይኼ ነው» ብለው አወጁ። ቢቹን ማን መረጠው ሲባል ግን አባቴ ወደ እኔ ጠቆመ። «ልጄ ናት። ገመዱን የያዘችውም እሷ ናት።» እስከ ዛሬ ዲፕሎማዬን ጨምሮ የተሰጠኝ ምስክር ወረቀት ሁሉ ያንን አያህልም።

ወንድሜ አሁን ለትምህርት ቤቱ ቡድን ይዋኛል፤ ቁመቱ ከበሩ ጉበን ሊደርስ ነው። አባቴ ደግሞ ባለፈው ክረምት፣ በበረዶው፣ ታሞ ሆስፒታል ሰንብቶ፣ ቀኝ እግሩ ሰንፎ ተመለሰ።

ገመዱን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጨርቆቹን በጣቱ እየነካ እስከ ሃያ ቆጠረ። ያኔ ወገቡ ላይ ያሰራት የገመድ ቀለበት ጫፉ ላይ እንደታሰረች ናት። ለቀልድ ብዬ ወገቡ ላይ አጠለቅኳት፤ ደግፌ ሳቆመው ሾልካ እግሩ ሥር ወደቀች። ሁለታችንም ወለሉን አየን።

«ገመዱ ሰፍቷል» አለኝ።

የድሮውን ቋጠሮ ልፈታው አልፈለግኩም። ከጎኑ ሌላ፣ ጠበብ ያለ ቀለበት ቋጠርኩና ወገቡ ላይ አጠበቅኩለት። ጫፉን እጄ ላይ ጠመጠምኩ። መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ወንበር መሄድ ጀመረ፣ እርምጃውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ። በዋዜማው ዘጠኝ ላይ ነበር የቆመው። ያን ቀን ዘጠኝን አለፈ፣ ላቡን ጠረገ፣ አሥርንም አለፈ፣ ወንበሩን ያዘ።

«አሥራ አንድ» አለ። «ጻፊ።»

ገመዱን ሳልለቅ ጻፍኩ።