ጋሼ ይለፉ መምህራቸውን የፈተሹ ቀን

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ለገባው ሁሉ «ይለፉ፣ ይለፉ» ሲሉ ስለኖሩ ጋሼ ይለፉ ሆነው ቀሩ። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ በሩ ፊት ለፊት፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለጉዳይ መጀመሪያ የሚያለቅሰውም የሚዋሸውም እኔ ጋ ነው፤ ዳኛው የሚሰማው ተጣርቶ የደረሰውን ነው። ደንበኛ በሌለኝ ሰዓት ዓይኔን የማሳርፈው በሩ ላይ ስለሆነ፣ ጋሼን ከሚስታቸው ቀጥሎ የማውቃቸው እኔ ነኝ ብል አላጋነንኩም።

ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። የደንብ ልብሳቸውን ራሳቸው ይተኩሳሉ፤ ሌላ ሰው ከነካው መስመሩ ይበላሻል ባይ ናቸው። ሚስታቸው «እኔን እንኳ እንደ ሱሪው ተጠንቅቆ ይዞኝ አያውቅም» እያለች ታስቃለች። አባታቸው ተሸካሚ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ዕቃ ተሸክመው፣ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ «እንደምን ዋሉ» ሳይላቸው ነው የሞቱት። ልጅየው ግን በሩ ላይ ከቆሙ ወዲህ ከተማው በሙሉ እጅ እየነሳ ያልፋል። በሩ ለእሳቸው እንጀራ ብቻ አልነበረም።

ሥራቸው መፈተሽ ነው፤ እሳቸው ግን የሚፈትሹት በዓይናቸው ነበር። ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ጫማው የተንሻፈፈ ወጣት ከመጣ ኪሱን ያስገለብጡታል። ሽማግሌ፣ ነጋዴ፣ ሐኪም፣ ክራባት ያሰረ ሁሉ ግን ጎንበስ ይሉለትና «እርስዎማ ይለፉ» ይባላል። የተከበረ ሰው ገላ መዳበስ ለእሳቸው ሰውን በአደባባይ ማዋረድ ነው። እኔም ተው አላልኳቸውም፤ እንዲያውም እኔንም «አንቺማ እለፊ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ጊዜ በሩ ሁለት ጌታ ነበረው። ከበሩ ደፍ ውጭ ያለው የከተማው ፖሊስ፣ ከደፉ ውስጥ ያለው የፍርድ ቤቱ ጥበቃ። ጋሼ የጥበቃው ናቸው። ሁለቱ ወገኖች እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ሰላምታ እንኳ በግዳቸው ነው። ታዲያ አንድ ቀን በፍቺ ጉዳይ የመጡ ሁለት አማቾች ተናንቀው እዚያው ደፉ ላይ ወደቁ። ግማሽ አካላቸው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ። ፖሊሱ «እናንተ ጋ ነው የወደቁት» ሲል፣ ጥበቃው «እግራቸው የእናንተ ነው» ሲል፣ የአንደኛው የፊት ጥርስ ረገፈ። እኔ ከማዶ ሆኜ በሳቅ ፍርስ አልኩ። የሰውየው ሚስት ተንበርክካ ጥርሱን ከአቧራው ውስጥ ስትፈልግ ሳይ ነው ያፈርኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ተዋሃዱ ተባለ። አንድ የደንብ ልብስ፣ አንድ አዛዥ፣ አንድ ትእዛዝ፦ ማንም ሰው ሳይፈተሽ አይገባም፤ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ይፈትሻል። ከፖሊሱ ወገን አንዲት ሳጅን መጥታ ከጋሼ ጎን ቆመች። አጠር ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ብረት ሲያገኝ የሚጮህ በእጅ የሚያዝ መፈተሻ ይዛ ጸሐፊዎቹን ብትል፣ ጠበቆቹን ብትል፣ ሴት ዳኛዋን ሳይቀር ምሳ ዕቃዋን አስከፍታ አየች። ጋሼ ያን ቀን አንገታቸውን ደፍተው ዋሉ። እኔ ደግሞ ማበጠሪያዬን አውጥታ ስታገላብጥ ደሜ ፈላ።

«እህቴ፣ በማበጠሪያ ሰው ልገድል ነው?» አልኳት።

«ማን ያውቃል» አለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ጋሼ መፈተሻውን ተቀበሉ፤ አመላቸው ግን ወይ ፍንክች። አዛዡ፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ ነው፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሳይፈትሹ ሲያሳልፉ ያዛቸው። ጥግ ወስዶ በትህትና አናገራቸው፤ ትህትናው ነው የባሰው። «ጋሼ፣ ሁለተኛ አንድ ሰው ሳይፈተሽ ቢያልፍ ከከተማ ውጭ ያለውን መጋዘን ነው የሚጠብቁት» አላቸው። እዚያ መጋዘን «ይለፉ» የሚባልለት አይጥ ብቻ ነው። ጡረታቸው ደርሶ እያለ እዚያ መወርወር ለእሳቸው ከነሕይወት መቀበር ነበር።

በዚህ መሀል የመምህሩ ቀጠሮ ደረሰ።

መምህሩ የከተማውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ልጅ ሳሉ አባታቸው ከትምህርት ቤት አስወጥተው ሸክም ሊያስጀምሯቸው ነበር። መምህሩ በየማታው እየመጡ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም፣ አልለመኑም፤ ዝም ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ አባትየው ተሸነፉ። ጋሼ ይህን ታሪክ ያልነገሩት ባለጉዳይ የለም።

የመምህሩ ጉዳይ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ነው። እናታቸው ሲሞቱ ታናሽየው ቤቱን ይዞ በር ዘጋባቸው። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላው ባለጉዳይ «ያ አረመኔ» ብለሽ ጻፊልኝ ይለኛል፤ እሳቸው ግን ቃል እየመረጡ፣ ነጥቤን እያረሙ ነው የሚያስጽፉኝ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ «ከቀብር ስንመለስ ቁልፉ ተቀይሮ አገኘሁት» ካሉ በኋላ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀጠሮ ተመላለሱ፤ በእያንዳንዱም ጋሼ ጎንበስ ብለው አሳለፏቸው። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ለእረፍት ተዘጋ። አዲሱ ፍተሻ የተጀመረው ሲከፈት ስለሆነ መምህሩ አያውቁትም፤ አሁን የሚመጡት ለውሳኔ ነው።

በዋዜማው ጋሼ መንገዱን ተሻግረው መጡና የደንበኛ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

«ነገ መምህር ናቸው» አሉ።

«አዎ፣ ውሳኔ ነው።»

«እኔ እሳቸውን እንዴት አድርጌ ነው የምነካው?» መዳፎቻቸውን ዘርግተው አዩዋቸው። «ባሳልፋቸው በሬን አጣለሁ። ብፈትሻቸው ደግሞ ምን ዓይን ይዤ አያቸዋለሁ?»

«ኧረ ያሳልፏቸው ጋሼ! እሳቸው ምን ይይዛሉ? ጠመኔ?»

እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም።

በነጋታው ጠዋት የማመልከቻውን ቅጂዎች ይዤ ከመምህሩ ጎን በሴቶቹ ሰልፍ ቆምኩ። ጃንጥላቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለዋል፤ ካፖርታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ጋሼ ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው ግንባራቸው በላብ ወዛ። የመምህሩ ተራ ሲደርስ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ አሉ፤ ያቺ ቃል ከንፈራቸው ላይ ደርሳ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳጅኗ የሴቶቹ ሰልፍ ላይ ሆና ቀና አለች። ጋሼ ቃሏን ዋጧት።

«መምህር፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እንዳይቀየሙኝ። አዲስ ትእዛዝ ነው። ለሁሉም ነው።»

መምህሩ ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ማንም ሳያዛቸው ሁለት እጃቸውን አነሱ። መፈተሻው ደረታቸው ላይ ሲደርስ ጮኸ።

«መነጽር ነው፣ መነጽር ይሆናል» አሉ ጋሼ ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብለው።

«መነጽሬንማ አድርጌዋለሁ» አሉ መምህሩ።

ጋሼ ቁልፉን ፈትተው እጃቸውን ወደ ካፖርቱ ሰደዱ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ሲወጣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ይዟል። ጋዜጣው ተገለጠ፤ የወጥ ቤት ቢላዋ ነው፣ የእንጨት እጀታው በብዙ ዘመን አገልግሎት የለሰለሰ። እኔ ክው አልኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ጉድ!» አለ። መምህሩ እጃቸውን እንዳነሱ ነበሩ።

«ምነው እስከ ዛሬ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ጋሼ ቢላዋውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«በመጣሁ ቁጥር ይዤው ነው የምገባው» አሉ መምህሩ። «በመጣሁ ቁጥር፣ ዛሬስ እጅህን ሰደህ ታስጥለኛለህ እያልኩ ነው የምመጣው። እኔ መጣሉ አቃተኝ። አንተ ደግሞ ጎንበስ ትልልኛለህ። ገብቼ ከወንድሜ ጀርባ እቀመጣለሁ፣ በአንድ እጄ ሌላውን ይዤ። ደከመኝ፣ ልጄ።»

«አክብሬዎት ነው እኮ፣ መምህር» አሉ ጋሼ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳጅኗ ቢላዋውን ከጋሼ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች። ወንበር አምጥታ ሽማግሌውን አስቀመጠች፤ ክንዳቸውን ወደ ታች ያወረደችላቸውም እሷ ናት። እኔ ለችሎቱ ልንገር ብዬ ሮጥኩ። ታናሽየው ፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጀርባውን ለባዶው ወንበር ሰጥቶ ተቀምጧል። ሙቀት ነውና ኮሌታውን ወደ ኋላ ገልብጦ በወረቀት ያራግባል። ማጅራቱን ሳይ «ጠመኔ?» ያልኩት ትዝ አለኝ።

ወሬው ሲደርሰው ወጥቶ መጣ። ሊሳደብ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። የሳጅኗ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ዕቃ ሲያይ ግን ቀለሙ ተለወጠ። «ይቺ እኮ የእማዬ ናት» አለና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ታርቀዋል ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልታረቁም። መምህሩ ተከሰው ተቀጥተዋል፣ ዕድሜያቸው ታይቶ ቀለል ባለ ቅጣት። ቤቱም ለሁለት እንዲከፈል ተወስኗል፣ በመሀል ግንብ አቁመውበታል። ግን ከግንቡ ወዲህም ወዲያም ማታ ማታ መብራት ይበራል። ሁለቱም አሉ።

ጋሼ በነጋታው አዛዡ ዘንድ ሄደው መጋዘኑን ራሳቸው ጠየቁ። «እኔ በር ላይ መቆም አይገባኝም» አሉት። አዛዡ መልስ ከማግኘቱ በፊት ሳጅኗ ጣልቃ ገባችና «እሳቸው የትም አይሄዱም፣ እኔ ከማን ጋር ልቆም ነው?» አለች። ከእሷ አፍ ያን ያህል ቃል ሲወጣ የመጀመሪያው ነው ይባላል።

ከሳምንት በኋላ ወረቀት ላስገባ ተሻገርኩ። ሳጅኗ ፈትሻኝ ስታበቃ ጋሼ ቦርሳዬን ተቀበሉ። እስክሪብቶዎቼን፣ ማኅተሜን፣ ግማሽ ዳቦዬን፣ ያቺን ማበጠሪያ ሳይቀር አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከዚያ ገበሩን ዳበሱ።

«ጋሼ፣ እኔን ነው?» አልኩ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊትዎ የተቀመጥኩትን?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺንማ» አሉ፤ «አንቺንማ በደንብ ነው።»

እስከ ታች ፈትሸው ጨረሱ። ዕቃዬን በየቦታው መልሰው ዚፑን ዘጉ፣ ቦርሳውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፣ ጎንበስም አሉልኝ። «በይ አሁን እለፊ።»