አርባ አንድ እግዚኦታ ለበረኪና

በሰባ ሰባቱ ረኃብ፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ እኔም በነበርሁበት የስደተኛ መጠለያ፣ የሕክምናውን ድንኳን የሚያጸዳ አንድ ጎንደሬ ነበር። የግራ ቦት ጫማው ጥቁር፣ የቀኙ ቀይ ነው። በሽተኛ ባስመለሰ ቁጥር ዙሪያውን በአመድ ያጥርና በረኪና ያፈስበታል። ከዚያ ጳጳስም ቢመጣ አያሳልፍም።

«አባ፣ ይቁሙ! ኮሌራ መስቀል አይሳለምም» አላቸው አንድ ቀን ቄሱን። ሱዳናዊውን ሐኪምም በዐረብኛ ጠርቶ «ያ ዶክቶር፣ ወደ ኋላ!» ብሎ መለሰው።

በረኪናው አሥር ደቂቃ ይቆይ ተብሏል። ሰዓት ስለሌለው አርባ አንድ እግዚኦታ እየጎተተ ያደርስና ይጠርጋል። ሁልጊዜ ግን አንድ ይጨምራል።

«አርባ ሁለት አደረግኸው እኮ» አልሁት።

«አርባ አንዱ የበረኪናው ነው» አለ ጓንቱን እያወለቀ። «አንዷ የልጄ ናት። የእናቷን ትውከት በባዶ እጄ ጠርጌ፣ በዚያው እጄ አጎረስኋት።»