የፈላ ውኃ መቶ ነው

ተማሪዎቹ «ከፍታ» ይሉታል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ስለ ዝናብ ቢጀምር፣ ስለ ነፋስ ቢጀምር፣ ስለ ሕዝብ አሰፋፈር ቢጀምር፣ ደወሉ ሳይደወል እንደምንም ብሎ ከፍታ ላይ ይወጣል። «ልጆች፣ ማንኛውም ነገር የሚጀምረው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው ከሚለው ነው!» ይላል፣ ጠመኔውን ሽቅብ ቀስሮ። ቅጽል ስሙን ያውቀዋል፤ እንዲያውም በሆዱ ይኮራበታል። ከባልደረባው ከሒሳብ አስተማሪው ሳይሻል አይቀርም። እሱን «ቀሪ» ነው የሚሉት።

ከፍታ መኪና አለው። አለው ስንል እንኳ ትንሽ አጋነንን፤ የሚስቱ አባት መኪና ነው። ክሬም ቀለም የተቀባ፣ ክብ ክብ ዓይን ያለው፣ በሩ ሲዘጋ እንደ ቁም ሳጥን ድም የሚል አሮጌ መኪና። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ልጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት መሪውን ነበር የሰጡት። «እስቲ ንዳና ልይህ» አሉት። ነዳ። አንድ የአበባ መደብና የጎረቤት አጥር ላይ ከወጣ በኋላ «ደህና ሰው ነው፤ ሲሳሳት ይደነግጣል» ብለው ፈቀዱለት። እንግዲህ ያቺን ቃል ከዲፕሎማው እኩል ይዟት ይኖራል።

ታዲያ ሽማግሌው ካረፉ ወዲህ የሙቀት መለኪያው አበደ። ዳሽቦርዱ ላይ ካሉት ክቦች አንዱ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳይ ነው፤ መቶ ላይ ቀይ መስመር አለው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ መርፌዋ ቀዩን አልፋ ጥግ ላይ ልጥፍ ትላለች። ከፍታ ደግሞ መርፌ አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ያቆማል፤ ይወርዳል፤ ኮፈኑን ይከፍታል፤ ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚያውቅ ሰው መስሎ ይቆማል። ከመምሰል በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ሚስቱ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ባረፈደች ቁጥር «ምነው?» ሲሏት «ባሌ ሞተር ሲያስታምም» ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

ነገሩ የከረረው አማቱ ወገባቸውን ታመው ከነሱ ጋር ሊኖሩ ሲወሰን ነው። አማቱ ቆላ፣ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማትል የወንዝ ዳር ከተማ ነው የሚኖሩት። «አውቶቡስ?» አሉ በስልክ። «በባሌ መኪና ካልሆነ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም!» በዚያው ሰሞን አንድ ፎቶ አንሺ መኪናውን አይቶ ዓይኑን ጣለበት። ሊነዳው አይደለም። ሞተሩን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ሊያቆመው፣ ሙሽሮችና ልጆች እየተቀመጡበት ፎቶ ሊነሱበት፣ ኮፈኑ ውስጥ አበባ ሊተክልበት ነው።

«ስማኝ» አለች ሚስቱ። «ቅዳሜ ወርደን እማዬን እናመጣታለን። እሷን ይዘን ዳገቱን ስንወጣ ይኼ መኪና አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ቢቆም፣ ሰኞ ለፎቶ አንሺው ነው። የአባቴ ነው፤ አያገባህም።»

«እሺ» አለ። ወጥቶ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀመጠና መሪውን ያዘ። ኮፈኑ ውስጥ የበቀለ አበባ ታየው።

ሰፈሩ ውስጥ ያለው መካኒክ «ነገ ና» ይባላል። ለምን እንደሚባል ያልገባው ሰው ገና መኪና ያልሰጠው ነው። መጥቶ የራዲያተሩን ቱቦ በእጁ ጨበጥ ጨበጥ አደረገና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ከኔም ከእርስዎም ጤነኛ ነው። ውሸታሟ ይቺ ናት።» ከሞተሩ ጎን የተሰካች፣ ጫፏ ውኃው ውስጥ የተነከረ፣ ትንሽ ጣት የምታክል የነሐስ ነገር አሳየው፤ ሙቀቱን በሽቦ ለመርፌዋ የምትናገረው ሴንሰር። ከኪሱ ሌላ አወጣ። «ይቺ ከሌላ መኪና የወጣች ናት፤ ልኳ አይገጥምም፤ ከመርፌዋ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። የአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ መቀነሻ ሽቦው መሐል ይገባና፣ እሱን እያዞሩ ማስተካከል ነው። ቴርሞሜትር ግን ይያዙ።»

«አንተ አስማማልኛ!»

«ነገ ይምጡ።»

ከፍታ ሳቁን ዋጠና ራሱ ሊሠራው ቆርጦ ተነሳ። ቴርሞሜትሩን ግን ናቀው። ላብራቶሪ ሄዶ፣ የኬሚስትሪውን ሰውዬ ለምኖ፣ «ለመኪናህ ነው?» ተብሎ ተስቆበት? ለምን ሲባል! የፈላ ውኃ መቶ ነው። ይኼን የማያውቅ ሕፃን የለም።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ መኪናውን ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር አስጠግቶ አቆመ። ሁለት ረጅም ሽቦ በመስኮቱ አሳልፎ ሴንሰሯን የሚስቱ ትልቁ ድስት ውስጥ አንጠለጠላት። ውኃው ተንተከተከ። እሱ ወደ መኪናው ሮጠ፤ መርፌዋን አየ፤ የሬዲዮዋን ቁልፍ ትንሽ አዞረ፤ ወደ ድስቱ ሮጠ፤ ተመልሶ ሮጠ። በመጨረሻ መርፌዋ ቀዩ መስመር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። መቶ! መሐል ሰፈር ላይ ብቻውን አጨበጨበ።

«ድስቴን በምን ላጥበው?» አለች ሚስቱ ከመስኮቱ።

«በክብር!»

ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ጀመሩ። ቆላው መውረጃ ጋ ሳይደርሱ ገና ደጋው ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። እዚያች ላይ መርፌዋ ቀስ እያለች መጥታ ቀዩን አለፈች። ከፍታ አቆመ። ኮፈኑን ከፈተ። እጁ ወገቡ ላይ ወጣ።

«መርፌዋ ናት አይደል የምትዋሸው?» አለች ሚስቱ፣ ከመኪናው ሳትወርድ።

«አሁንማ አትዋሽም። በራሴ እጅ ለክቻታለሁ።» ይኼን እንዳለ ነገሩ ገባው። መርፌዋ እውነት ከተናገረች የታመመው ሞተሩ ነዋ! እስከ ዛሬ ተስፋ የነበረው ውሸቷ ላይ ነበር። አሁን ውሸቷን በገዛ እጁ አስተካክሎ ተስፋውን ገደለው።

ቁልቁለቱ ላይ ጋብ አለች። ሜዳው ላይ ግን እንደገና ቀዩን ነካች፤ እንደገና ቆሙ። ሚስቱ ሁለት ጣቷን አውጥታ አሳየችው።

አማቱ ሻንጣቸውን በር ላይ ደርድረው ጠበቋቸው። ምሳ ቦሎቄ ነበር፤ ለስልሶ አፍ ውስጥ የሚጠፋ ቦሎቄ። አማቱ ልጃቸውን ጎን ጎኑን እያዩ፣ «አሁን ጥጄ አሁን አወጣሁት። አንቺ ቤት የበላሁት ግን ጥርሴን ነው የጨረሰው። ቀኑን ሙሉ ተጥዶ ጠጠር! ባለሙያ አድርጌ ያሳደግሁሽ መስሎኝ» አሉ።

ሚስቱ ፊቷ ጠቆረ። ይኼ ነቀፋ የዛሬ አይደለም፤ በየዓመቱ እየተነሳ የሚወድቅ ነው። ከፍታ ዛሬ ሚስቱን የሚያስደስት ነገር ሲፈልግ ነበርና ማንኪያውን አስቀምጦ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ጠመኔ ብቻ ነው የጎደለው።

«እማማ፣ በስማም! ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ የከፍታው ነው። እዚያ ላይ አየሩ ቀጭን ነው፤ ውኃውን የሚጫነው የለም። ስለዚህ ውኃው መቶ ሳይደርስ፣ ገና ዘጠና ምናምን ላይ ሳለ ይፈላ—»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አሉ አማቱ። «አነቀው እንዴ?»

«ይፈላል» አለ በሹክሹክታ። «ዘጠና ሁለት ላይ ይፈላል። የኛ ድስት... መቶ አይደለም። እኔ መቶ ብዬ...» ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «እናቴ ድረሽልኝ! ዘጠና ሁለቱን ነው መቶ ያልኩት! ሞተሩ ጤነኛ ነው! የታመምኩት እኔ ነኝ!»

ሚስቱ ማንኪያዋን አንጠልጥላ አየችው። «ቆይ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማርከው ይኼንኑ አይደል?»

«ለተማሪዎቹ ነዋ ያስተማርኩት! ለራሴ መች አስተማርኩ?»

መጀመሪያ የሳቁት አማቱ ናቸው። ወገባቸውን ይዘው፣ «አታስቁኝ፣ ያመኛል» እያሉ ሳቁ። ሚስቱ ቀጠለች። እሱ ግን ሳቁን ለኋላ አቆይቶ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ግቢው ውስጥ ላይ ታች አለ። ከዚያ የከሰል ምድጃ መኪናው አጠገብ ተቀምጦ፣ ድስት ተጥዶ፣ ሴንሰሯ እንደገና ተንጠለጠለች። አማቱ በርጩማ አስመጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ታዲያ ጨው አታደርግበትም?»

«ጨው አይደረግም!» ብሎ ጮኸ። «ጨው ከገባ የሚፈላበት ልክ ይለወጣል!»

«አየሽ» አሉ አማቱ ለልጃቸው፤ «ሙያ እንኳ ያውቃል።»

ውኃው ፈላ። መርፌዋ መቶን አለፈች፤ ከቀዩም ወዲያ ስምንት ያህል ሄዳ ቆመች፤ ልክ በተሳሳተው መጠን። በሕይወቱ በስህተቱ ትክክለኛነት እንዲህ ተደስቶ አያውቅም። የሬዲዮዋን ቁልፍ በስሱ ወደ ኋላ አዞረ። መቶ። እውነተኛው፣ የወንዝ ዳሩ መቶ።

እሑድ ዳገቱ መጣ። አማቱ ለወገባቸው እንዲመች ፊት ተቀመጡ፤ ሚስቱ ከሻንጣዎቹ ጋር ኋላ። መርፌዋ ዘጠና ላይ፣ ቢበዛ ትንሽ ከፍ ብላ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀምጣለች። ከፍታ ግን ዓይኑን ከሷ ሊነቅል አልቻለም። አንድ ኩርባ ላይ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋበት።

«ልጄ» አሉ አማቱ፣ «የምትነዳው መንገዱን ነው ወይስ ይኼን ሰዓት?» መሀረባቸውን አውጥተው መለኪያው ላይ ጣል አደረጉበት። «ባሌ በጆሮው ነበር የሚነዳ።»

ጆሮው! ከፍታ ጆሮ እንዳለውም ረስቶ ነበር። ማርሽ ቀየረ፤ አዳመጠ። ሞተሩ ወፍራም ድምፁን ሳይለውጥ፣ ሳያለከልክ፣ ኩርባውን ተራ በተራ ይውጠዋል። ከዚህ ቀደም እየቆመ ያስታመመባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አለፋቸው። እያንዳንዱን ሲያልፍ ያፍርበታል፤ ወዲያው ደግሞ በደስታ ማፏጨት ያምረዋል። ጫፉ ታየ። ሁለት ኩርባ ሲቀር፦

«አቁም!» አሉ አማቱ።

«ምነው እማማ?»

«ምነው ይለኛል እንዴ! ውጪ ልወጣ ነው።»

«ትንሽ ቢታገሡ፤ ይኸው ደረስን እኮ፤ ሁለት ኩርባ ናት...»

«ልጄ፣ በኔ ዕድሜ ይኼ ነገር ቀጠሮ አይሰጥም!»

በመስታወቱ ሚስቱን አያት። ፊቷ ምንም አይነበብበትም። ኮፈኑ ውስጥ የተተከለው አበባ እንደገና ታየው፤ እንዲያውም ውኃ ሲጠጣ። አቆመ።

ሚስቱ እናቷን ደግፋ ከድንጋዩ ጀርባ ወሰደቻቸው። እሱ ብቻውን ሲቀር የመሀረቡን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ሰረቅ አደረገ። ዘጠና ሁለት። ያን ቀን ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር «መቶ» ብሎ ያጨበጨበላት ዘጠና ሁለት። ጥርሱን ነክሶ መሀረቡን መለሰው።

ሚስቱ ተመልሳ መስኮቱን ተደገፈች።

«ቆመ» አላት፣ የጥፋተኛ ተማሪ ፊት ለብሶ።

«ማን?»

«መኪናው።»

«መኪናው የት ቆመ? የቆመችው እማዬ ናት።» ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «የሷን ሴንሰር ደግሞ ልትነካ እንዳታስብ!»

ሰኞ ከሰዓት ፎቶ አንሺው ሜትር ይዞ መጣ፤ በሩ ያስወጣው እንደሆነ ሊለካ። አማቱ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከፍታ ኮፈኑ ሥር ነው፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ምንም የሚሠራው ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ደስ ብሎት ነው የገባው።

«መኪናው አይሸጥም» አለችው ሚስቱ።

ፎቶ አንሺው ሜትሩን አጠፈ። «ወይኔ! ቦታውን ሁሉ አዘጋጅቼ...»

«ግቢህ ውስጥ የሚቆም አሮጌ ነገር ነው የፈለግኸው? ባሌን ውሰደው። ያምራል፤ ብዙ አይበላም፤ አበባም ብትተክልበት አይነቃም።»

አማቱ በረንዳው ላይ በሳቅ ወገባቸውን ያዙ። ከኮፈኑ ሥር ዘይት የነካው ጭንቅላት ብቅ አለና፣ ነገሩን በቁም ነገር ሲመረምር ቆይቶ፣ ፎቶ አንሺውን ጠየቀው፦

«ግቢህ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው?»