ዶሮዎቹ እስኪፈለፍሉ

የካቲት ሲገባ፣ የመጀመሪያዋ ዝናብ የበጋውን አቧራ ካረጠበችው በኋላ፣ የቡናው አበባ ባንድ ጊዜ ይፈነዳል። ሽታው የቡ ከሚባለው ገጠር በኩል በነፋስ ተነስቶ እኛ ሰፈር፣ ጅማ መርካቶ ድረስ ይገባ ነበር። ሌላ ጊዜ ደስ ይለኛል። በ1978ቱ የካቲት ግን ሽታው በመጣ ቁጥር መስኮቴን እዘጋ ነበር። ለጎረቤቴ ለሶረቲ ያልነገርኳት ነገር ነበረኝ።

ሶረቲ የሰኮሩ ገበሬ ልጅ ናት። አናጢው ከፈለ አግብቶ አመጣትና ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር የቀበሌ ቤት ተከራይተው ገቡ። በ76 ከፈለን ለግዳጅ ወደ ሰሜን ወሰዱት። አንድ ዓመት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ቀረ። ሁለት ሴት ልጆች፣ ንግስትና ውቢት፣ በእጇ ቀሩ።

እሷ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። በዚያች ጠባብ ጓሮ ጎመን፣ ሚጥሚጣ፣ ሁለት እግር እንሰት ተክላ፣ ከፈለ ትቶት በሄደው ጣውላ የዶሮ ቤት ሠርታ ዘጠኝ ዶሮ ታረባ ነበር። ልጆቿን ከእንሰት ቃጫ ገመድ መግመድ፣ ከበቆሎ ሽፋን አሻንጉሊት መሥራት አስተማረቻቸው። የእኔም ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ ደብተራቸውን ወርውረው እዚያው ነው። ዶሮ ስታስታቅፍ እንቁላሎቹን ለልጆቹ አከፋፍላ በከሰል ምልክት ታስደርጋቸዋለች። ሌላ ዶሮ ገብታ አዲስ ከጣለች እንዲለይ ነው። እነሱ ግን የማን ይቀድማል እያሉ ይጣሉበት ነበር። አንዴ ልጄ እንቁላሉ ላይ መኪና ሣለ።

«ይሄ ከተፈለፈለ ነዳጁን ከየት ልናመጣለት ነው?» አለችው። ነዳጅ በኩፖን የነበረ ጊዜ ነው።

ባሌ ኑሪ ልብስ ሰፊ ነበር። ጥር መጨረሻ ላይ አንድ እግሩ የተቆረጠ ወታደር የሱሪውን አንድ እግር ሊያሳጥር ወደ ኑሪ መጣ። የስፌት መኪናው እየሰፋ ሳለ «ከፈለ የሚባል አናጢ ቤቱ እዚህ ነው አሉኝ፤ ሚስቱን ፈልጌ ነበር» አለው። ወታደሩ ከፈለን በገዛ እጁ ነበር የቀበረው። ኑሪ «አንተ አትሂድ፣ እኛ በወጉ እንነግራታለን» ብሎ ሸኘው።

መርዶ እኛ ዘንድ አንድ ሰው ብድግ ብሎ የሚናገረው ነገር አይደለም። የእድር ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል፣ ድንኳን ይተከላል። ኑሪ ለእሁድ ሰው ልጥራ አለ። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሶረቲ በዚያው ሳምንት ሁለት ዶሮ አስታቅፋ ነበር።

«ለቀስተኛ ጓሮውን ከሞላው ዶሮዎቹ እንቁላላቸውን ጥለው ይነሳሉ» አልኩት። «ሃያ አንድ ቀን ነው። የሚበሉት እኮ ከዚያ ነው። ይፈልፍሉላትና ይነገራታል።»

ለደግ ነው ያልኩት፣ አላህ ያውቃል።

ዶሮዎቹ ገና ታቅፈው ሳሉ፣ አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ወንድሟ ነጋሳ ከሰኮሩ መጣ። እኔም እዚያው ጎመን እየቀነጠስኩ ነበርኩ። የመንደር ምስረታ ጊዜ ነው፤ ገበሬው ወደ አዲስ መንደር እየተሰበሰበ የቤት ቦታ ይመራ ነበር። ነጋሳ የዶሮ ቤቱን አየና «ኦቦሌቲ ኮ» አላት፤ እኅቴ ማለቱ ነው። «ለዶሮዎችሽ እንኳ መንደር መሥርተሽላቸዋል። አንቺ ብቻ ቀረሽ።»

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ነገሩን አወጣው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለቤት ቦታ ስሟን ሊያስገባላት ቃል ሰጥቶታል፤ መዝገቡ ቅዳሜ ይዘጋል።

«ጓሮው ምን ያህል ነው?» አለች።

ነጋሳ ተነስቶ በእርምጃ ይለካ ጀመር። አጥራችን ጋ ሲደርስ ቆመና «ከዚያ ጫፍ እስከ ኑሪ ቤት ማዶ ድረስ» አላት። ዓይኗ ሲበራ አየሁት። እጇ ላይ የነበረውን ቃጫ አስቀመጠች።

«ከፈለስ?» አለች። «መጥቶ ቤቱን ዝግ ቢያገኘው? አገሩን ሲዞር ይክረም?» ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ መድና፣ እስኪ አንቺ ፍረጂን።»

ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። «ከግዳጅ የሚመለስ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ነው የሚፈልገው» አልኩ።

«በቃ፣ ሰማህ» አለችው።

«ግትርነትሽ የእናታችን ነው» ብሎ ውኃ ጠጥቶ ሄደ።

ሐሙስና ዓርብ ነበሩኝ። ኑሪ ሁለቱንም ቀን «እንንገራት እንጂ» አለኝ፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ቀን የዶሮዎቹን ቀን ቆጠርኩለት። ቅዳሜ አለፈ። ዶሮዎቹም አሥራ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈሉ። ያኔም ጫጩቶቹ ይጠንክሩ አልኩ። ጾማቸው ገባ፣ ፋሲካቸውን በደስታ ይዋሉ አልኩ። ግንቦት ሲጠባ ነው በሯ የተንኳኳው።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«መቼ ነው የሰማችሁት?»

«ጥር ላይ።»

«ነጋሳ የመጣ ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ዶሮዎቹን ብዬ እኮ ነው።»

«የትኞቹን ዶሮዎች?» አለችኝ።

የታቀፉት ከፈለፈሉ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ልጆቼንም አትምጡብኝ አላለችም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እትዬ ብላኝ አታውቅም፤ መድና ብቻ ሆንኩ።

ከለቅሶው በኋላ ነጋሳ ሊቀመንበሩን ለምኖ ነበር። ቦታው ለሌላ ሰው ተመርቷል ተባለ። በክረምቱ ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቹንም ጫጩቶቹንም ጨረሰባት። ጥቅምት ላይ የቡና ለቀማው ሲደርስ ቁልፉን ለቀበሌው መልሳ፣ ልጆቿን ይዛ ሄደች። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ የሄደችበትን ሰዓት መርጣው ይመስለኛል። ልጆቼ ብዙ ጊዜ ጠየቁኝ። ሥራ አግኝታ ነው እላቸው ነበር። እስካሁን ሌላ መልስ አልሰጠኋቸውም፤ ኑሪም ይህን ነገር አንድ ቀን እንኳ ሳያነሳብኝ ሞተ።

በ1982 ለለቀማ ሊሙ ሄዳ የተመለሰች አበራሽ የምትባል የሰፈራችን ሴት አይታታለች። ሶረቲ በመንግሥት የቡና እርሻ ለቃሚ ሆና ተቀጥራ፣ ከውቢት ጋር በሠራተኞች ቤት አንዲት ክፍል ትኖር ነበር። ንግስት እዚያው አግብታለች። ከዚያ ወዲህ ያያት ሰው አላገኘሁም።