ካልሲ የለበሱ ጠርሙሶች

የእህቴ ባል ጋሽ ክፍሉ ወልደጻድቅ በሕይወቱ ሁለት ነገር በደንብ ተምሯል፤ የባቡር ጭነት ማስተናገድና ፈረንሳይኛ። ሁለቱንም ያስተማሩት ፈረንጆች ናቸው። ሦስተኛውን፣ የወይን አዋቂነቱን፣ ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው፤ ያስታውቅ ነበር።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አሁኑኑ ተናግሬ ልገላገል፤ ኋላ ምላሴ ከሞቀ አላስታውሰውም። እህቴ ተሻለች ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። እኔን ወለተ ጊዮርጊስንም ባሌ ሲሞት ከነስፌት መኪናዬ ወስዶ ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቤቱ አንድ ክፍል ሰጥቶ አኑሮኛል። ታዲያ ያኖረኝ ሰው ሞኝ ከሆነ ሞኝነቱን አላይም ማለት አይደለም። እንዲያውም ቅርብ ስለነበርኩ ደህና አድርጌ አየሁት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአለቃው ከፈረንሳዊው ነው። የእህቴና የጋሽ ክፍሉ ልጅ አስካለማርያም ክርስትና የተነሳች ዕለት ሰውዬው አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ መጣና "ይህ የሕፃኗ ነው፤ የሠርጓ ቀን ክፈቱት" ብሎ ሰጠ። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ምልክት ላይም በገዛ እጁ "ለአስካለ ሠርግ" ብሎ ጻፈበት። ጋሽ ክፍሉ ልጅቱን እንዳቀፈ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ቃል ገባ። ጠርሙሱ ሳሎን ካለው ቡፌ ላይ፣ ከሬዲዮኑ አጠገብ ቆመ። አስካለ ከፍ ስትል ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ሆነች። እናቷ እንኳ ብትነካው ትቆጣ ነበር። "የኔ ወይን" ነበር የምትለው፤ ሌላ ልጅ አሻንጉሊቱን እንደሚጠራው።

አብዮቱ ፈነዳና ፈረንሳዊው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ገባ። ለጋሽ ክፍሉ አንድ መጽሐፍ ትቶለት ሄደ፤ ስለ ወይን አጠጣጥ የሚናገር። ሌላ ሰው ቢሆን በርበሬ ይጠቀልልበት ነበር። እሱ ግን ዳዊት እንደሚደግም ሰው ጧት ማታ ደገመው። ቢሮው ውስጥ ትናንት የመጣ ካድሬ ከበላዩ ሲሾምበትማ ጭራሽ ባሰበት። ቀን ለካድሬው "እሺ ጓድ" እያለ ይውላል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የፈረንሳይን የወይን መንደሮች ስም በቃሉ ይዘረዝራል።

ብዙ ሳይቆይ ብጤዎቹን ሰበሰበ። ሦስቱ የባቡር ሰዎች ናቸው፤ አራተኛው አቶ ሀብተ ማርያም የሚባል የትምህርት ቤት ምክትል ዲሬክተር ነው። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ሲያበቃ በቀጥታ ወደ እኛ በረንዳ ይመጣሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር የማርክሲዝም የውይይት ክበብ መስሎት አንድ ቀን በሕዝብ ፊት አመሰገናቸው። እነሱም አላፈሩ፤ እጅ ነስተው ተቀበሉ።

የክበቡ ሥራ ይህ ነበር። ሰማታር የሚባል ነጋዴ ከጅቡቲ በባቡር ሸሽጎ ጠርሙስ ያመጣላቸዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ከአገር ውስጥ ይገዛሉ። እኔ ስለማልጠጣና ስለማላደላ ጠርሙሶቹን ጓዳ አስገብቼ ካልሲ አለብሳቸዋለሁ። ካልሲው ድሮ የባቡር ሹማምንት ከቁምጣ ጋር ያደርጉት የነበረ ረጅም ነጭ ካልሲ ነው። ከየጠርሙሱ ብርጭቆ ላይ ቀድቼ አቀርባለሁ፣ እነሱ ምልክቱን ሳያዩ ይቀምሳሉ፣ እንደ ፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከሃያ ነጥብ ይሰጣሉ። የወይን ስም አይቶ ማጨብጨብ የመሃይም ነው አሉ።

መልካም። ጠርሙሱን ካልሲ አለበስነው፤ ሰውዬውንስ ምን እናልብሰው? ጋሽ ክፍሉ በዕድሜ ታላቃቸው ነው። ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ አይቀምስም፣ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም። እሱ "አሥራ ስድስት" ሲል አቶ ሀብተ ማርያም "አሥራ ስድስት፣ ቢበዛ አሥራ ስድስት ተኩል" ይላል፤ የቀሩትም በዚያው ይነጉዳሉ። ድሬዳዋ አንቱ የማይባልባት አገር ናት፤ ሹሙንም ሽማግሌውንም አንተ ብለን ነው የምንኖረው። እዚያ በረንዳ ላይ ግን ባንዴ ሁሉም ደገኛ ሆነው "እርስዎ እንዳሉት" ይጀምራሉ። አምስት ሰው ይቀመጣል፣ የሚሠራው አንድ ምላስ ነው። እሱም ምላስ ከተባለ።

የሚያወሩትን ብትሰሙ! "የእንጆሪ ሽታ አለው" ይላል ጋሽ ክፍሉ ዓይኑን ጨፍኖ። እንጆሪን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ጓሮው ውስጥ ማንጎና ጊሽጣ እየበሰለ ይረግፋል፤ አንድም ቀን "ጊሽጣ ጊሽጣ ይላል" ሲል አልሰማሁትም። አቶ ሀብተ ማርያም ደግሞ "ዝናብ የመታው የጫካ አፈር" ይላል። የቱ ጫካ? የደጫቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጫካ በቀለ እንዴ?

ትልቁ ጉድ ግን ሙቀቱ ነው። መጽሐፉ ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይቀመጥ፣ በቤት ሙቀት ይጠጣ ይላል። የተጻፈው በረዶ በሚወርድበት አገር ነው። የእኛ ሳሎን በግንቦት ቀትር ሻማ ሳይበራ ያጎብጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና ጋሽ ክፍሉ ወይን ፍሪጅ ውስጥ እንዳይገባ አወጀ። ለውሃው ፍሪጅ አለው፤ ወይኑ ቡፌ ላይ ቆሞ ይቀቀላል። እነሱም ላባቸውን እየጠረጉ ትኩሱን ይጠጣሉ።

አንድ እሑድ ሰማታር ጠርሙስ ሊያስረክብ መጥቶ ብርጭቆውን በጣቱ ነካ አደረገና ሳቁ መጣ።

"አቦ ክፍሉ፣ ይሄ ሾርባ ነው እንዴ? ወላሂ፣ ሀራም ስለሆነ አልጠጣም፤ ሀላል ቢሆንም ግን ይሄንን አልጠጣም!"

"አንተ ስለ ወይን ምን ታውቃለህ?" አለው ጋሽ ክፍሉ።

"ስለ ወይን አላውቅም፤ ስለ ሙቀት ግን አውቃለሁ፤ እዚሁ ነው የተወለድኩት" ብሎት ጫቱን በብብቱ ይዞ ወጣ። ማንም ልብ አላለውም።

አንድ የመጨረሻ ሕግ አለቻቸው። ከሁሉ ያነሰ ነጥብ ያገኘው ጠርሙስ ካልሲው ሳይወልቅ ፓፓያው ሥር ይደፋል። ምልክቱን አይተው እንዳይራሩለት ነው አሉ። የሚደፋውም ራሱ ጋሽ ክፍሉ ነው፤ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፍርድ እንደሚያስፈጽም ሰው እየተንጎራደደ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ስድስት ዓመት ቆዩና አስካለማርያም ታጨች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። እሷ ስለ ቀሚስዋ እንኳ እንደዚያ አላሰበችም፤ "ወይኔን ማን ይከፍተዋል? በየትኛው ብርጭቆ?" ነበር ጭንቀቷ። በዚያው ሰሞን አቶ ሀብተ ማርያም አዲስ አበባ ደርሶ መጣ። አንድ የኤምባሲ ሰው ቤት ተጋብዞ ኖሮ "ያረጀ የፈረንሳይ ወይን ያልቀመሰ፣ ቀመስኩ አይበል" አለ በረንዳው ላይ። የጋሽ ክፍሉ ፊት ጠቆረ። የመጣበት ነገር ከካድሬው የባሰ ሆነበት፤ ካድሬው የወሰደበት ወንበር ነው፣ ይሄኛው ሊወስድበት የመጣው ምላሱን ነው።

በቅበላ እሑድ እናትና ልጅ ቀፊራ ገበያ እንደወጡ ጓዳ ድረስ ተከትሎኝ ገባ።

"ወለተ፣ የአስኩንም ጠርሙስ ካልሲ አልብሺው።"

"የልጅቷን?"

"አንዳንድ ጉንጭ ብቻ ነው። ከአምስቱ መሃል ለይቼ አወጣውና አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ። ከዚያ ቡሹን መልሰን እናሽገዋለን።"

"ጋሽ ክፍሉ፣ ቃል የገባህላት እኮ ነው።"

"ቃሌ የትም አልሄደ። የአባቷ ምላስ ምን እንደሆነ ሲታወቅ ለእሷም ክብሯ ነው።"

ለእሷ ክብር! ቤቱ የእሱ፣ ጠርሙሱ በእሱ እጅ፤ እያጉረመረምኩ አለበስኩት። ቡሹን ሲነቅለው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፍረከረከ። ይህም አላስጠረጠረውም።

አምስቱ ካልሲ ለባሾች ተደረደሩ። ሁለተኛው ላይ ጋሽ ክፍሉ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳ፣ አሸተተ፣ ጎነጨ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አገኘኋት ማለቱ ነው። "አሥራ ዘጠኝ" አለ፤ "ይህች የታላቅ ቤት ልጅ ናት።" እርስዎ እንዳሉት፣ እርስዎ እንዳሉት ተባለ። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ አቶ ሀብተ ማርያም ራሱ ሲመጣ መንገድ ላይ ከሕብረት ሱቅ ገዝቶ ያመጣት ናት።

አራተኛው ላይ ገና ሲያሸት ፊቱን አጨማደደ። ጎንጭቶ መሬት ላይ ተፋው።

"ይህ ኮምጣጤ ነው! ሞቷል! ማነው ይህን ያህል ዘመን ሙቀት ላይ አቁሞ የገደለው? እንዲህ ያለ ሰው ከሰል እንጂ ወይን ማስቀመጥ አይገባውም። ሁለት!"

"ሁለት" አሉ የባቡር ሰዎቹ እየተፉ። አቶ ሀብተ ማርያም "ሁለትም በዛበት" አለ።

አምስተኛውም ተቀመሰና ጋሽ ክፍሉ ሁለት ያገኘውን ጠርሙስ አንገቱን አንቆ ወደ ፓፓያው ሲሄድ ሮጬ ደረስኩበት።

"ቆይ! መጀመሪያ ካልሲውን አውልቅ።"

"ሕግ ሕግ ነው፣ ወለተ።"

"ይሄንን አትድፋው እያልኩህ ነው!"

"ሴትዮ፣ በክበቡ ሥራ አትግቢ" አለና ደፋው። የድሬዳዋ አፈር የሚጠጣ ካገኘ አይመርጥም፤ ባንዴ ጨለጠው። ከዚያ በኋላ ካልሲውን ገፈፈ።

የፈረንሳዊው ጽሑፍ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ጋሽ ክፍሉ ባዶውን ጠርሙስ እንደያዘ ቀረ። አገዳደሉን በአንደበቱ ተናግሯል፣ ገዳዩንም ሰድቧል፤ የቀረው ስሙን መጥራት ብቻ ነበር። አቶ ሀብተ ማርያም ጉሮሮውን ጠረገና "ወይዘሮ ወለተ ብርጭቆዎቹን አለዋውጠው ይሆናል" አለ። ሌሎቹም እፎይ ብለው ተቀበሉት፤ "እርግጥ ነው፣ ብርጭቆው ነው፣ የእርስዎ ምላስማ አይሳሳትም።" ጋሽ ክፍሉ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና "አዎ፣ ብርጭቆው ነው" አለ፤ ወደ እኔ ሳያይ። ደሜ ፈላ። እስከ ሠርጉ ድረስ ከሰላምታ በቀር አላናገርኩትም።

በማግሥቱ ጋሽ ክፍሉ ባዶው ጠርሙስ ውስጥ ሌላ ቀይ ወይን በማንቆርቆሪያ ገልብጦ፣ አፉን በጧፍ ሰም አሽጎ ወደ ቡፌው መለሰው። ተሻለች አውቃ እንዳላወቀ ሆነች፤ እኔም ለልጅቷ ስል ዝም አልኩ። አስካለ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መጥረጓን አላቋረጠችም። ጨርቁን አርጥባ፣ ምልክቱ እንዳይላጥ እየተጠነቀቀች። አንጀቴን ያሳረረው ይህ ነው።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞልቶ አስካለ በነጭ ቀሚሷ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ክበቡ የፊት ወንበር ላይ ነው። ባዶውን ጠርሙስ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች፣ የወይን ስም አይቶ ማጨብጨብ የመሃይም ነው ያሉ ሰዎች፣ ገና ሳይቀዳ "ሃያ! ሃያ ከሃያ!" ብለው አጨበጨቡ። እሷ አንድ ብርጭቆ ቀዳችና አባቷ ፊት ተንበረከከች።

"አባዬ፣ እኔ ወይን አላውቅም። አንተ ቅመስና ምን እንደሚል ንገረኝ። የምትለኝን አምናለሁ።"

ጋሽ ክፍሉ ብርጭቆውን ተቀበለ፤ ወደ አፉ ግን አልደረሰም። ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

"አስኩ፣ ይህ ያንቺ አይደለም። ያንቺን ደፍቼዋለሁ። ለጉራ ብዬ ከፈትኩት፣ ቀምሼ አላወቅሁትም፣ ፓፓያው ሥር ደፋሁት። አስቀድሞም የገደልኩት እኔው ነኝ። ወለተ ብርጭቆ አልለዋወጠችም።"

አቶ ሀብተ ማርያም ከወንበሩ ብድግ አለ። "ጋሽ ክፍሉ ሲቀልዱ ያውቁበታል!" አለና ሳቀ። ክበቡም ሳቀ፣ ዳሱም ተከትሎ ሳቀ፣ አንዷ እልል አለች። ያን ሁሉ ዓመት "እርስዎ እንዳሉት" ሲሉት የኖሩ ሰዎች የተቃወሙት እውነት የተናገረ ዕለት ነው።

አስካለ አልሳቀችም። እንደተንበረከከች ቀና ብላ አየችው።

"ስንት ሰጠኸው?"

"ምኑን?"

"የኔን። ከሃያ ስንት ሰጠኸው?"

"ሁለት" አለ ጋሽ ክፍሉ።

በክበቡ ዕድሜ ትክክለኛ ነጥብ ሰጥቶ ከሆነ ያ ሁለት ብቻ ነው። አዘንኩለት፤ አልዋሽም፣ ትንሽ አዘንኩለት። አስካለ ተነሳች፣ የቀሚሷን ጉልበት አራገፈች። "እንግዲያው ይሄንን አንተው ጠጣው" ብላው ወደ ባሏ ሄደች።

እሱም ቆሞ ጠጣው፤ አንድም ጠብታ አላስቀረም። የፊት ወንበሮቹ አንገታቸውን አስግገው ነጥቡን ይጠብቁ ነበር። ጋሽ ክፍሉ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠና ተቀመጠ።