የዶኛ ኢኔስ ትንሽ ከበሮ

እናቴ የሞተችው ለንደን በገባን በሰባተኛው ወር ነው። እኔ ገና አሥር ዓመት አልሞላኝም ነበር። ስቶክዌል በሚባል ሰፈር፣ የአካባቢው መስተዳድር በሰጠን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና አባዬ ብቻ ቀረን። የለቅሶው ሰሞን ቤቱ በሰው ተሞላ። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁን ሴቶች እየተቀባበሉ አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። የአንዷ ሹራብ ዝናብና ሽንኩርት ይሸት እንደነበር፣ ጉንጬንም ይኮሰኩሰኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም። ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ከወጋ በኋላ ከንፈር የሌላ ሰው እንደሚመስለው፣ እኔም መላ አካሌ እንደዚያ ነበር።

«ተዋት፣ ቆይቶ ይመጣላታል» አሉት አባዬን። ሳምንታት አለፉ፣ አልመጣም። ጠዋት ተነስቼ ኮርንፍሌክሴን እበላለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። መምህሬ «ደህና ነሽ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ። ቤት ውስጥ ስለ እናቴ አናወራም ነበር። አባዬ ልብሶቿን በሁለት ሻንጣ ከትቶ ከአልጋው ሥር ከተታቸው፤ ስሟንም አብሮ የከተተው ይመስል ነበር።

አባዬ ቅዳሜ ቢሮ ሊያጸዳ ስለሚሄድ የሚጠብቀኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ዶኛ ኢኔስ የሚባሉ ኮሎምቢያዊት ይኖሩ ነበር። «ዶኛ» እኛ «እመት» እንደምንለው ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጠር ወፈር ያሉ፣ የፊታቸው ቀለም ቁርጥ የእኛ ነበር፤ አባዬ መጀመሪያ ደረጃ ላይ ሲያገኛቸው የአገሩ ሰው መስለውት በአማርኛ «እንደምን አደሩ?» ብሏቸዋል። እሳቸውም ሳይገባቸው በስፓኒሽ መለሱለት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር በየቋንቋቸው ሰላም ይባባሉ ነበር።

ዶኛ ኢኔስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሕንፃዎቹ ሥር ባለው የጋራ አዳራሽ የሰፈሩን ሰዎች ሙዚቃ ያስተምራሉ። እኔንም ይዘውኝ ይሄዱ ጀመር። አዳራሹ የወለል ሰምና የብርቱካን ጭማቂ ይሸታል። ከአገራቸው ያመጧቸው ሦስት ከበሮዎችና ጋይታ የሚሉት ረጅም ዋሽንት ነበራቸው። ዋሽንቱ የተሠራው ከቁልቋል ግንድ ነው፤ ጫፉ ላይ ከሰምና ከከሰል የተለወሰ ጥቁር ራስ አለው፤ መንፊያው ደግሞ የዳክዬ ላባ ነው። መጀመሪያ ሲያስይዙኝ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ጧፍ ጧፍ ይላል።

«ይሄ ዋሽንት ከጥንትም እዚያው የነበሩት ሰዎች ነው» አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። «ከበሮው በሰንሰለት ታስረው ከአፍሪካ የመጡት ሰዎች ነው። ግጥሙና ረጅሙ ቀሚስ የስፔኖቹ። ማንም ማንንም አልጋበዘም። ግን እኛ ወንዝ ዳር አብረው መኖር ነበረባቸው፤ ኩምቢያ የምንለው ሙዚቃና ጭፈራ የመጣው ከዚያ ነው።»

ሲደክመን ካሴት ያሰሙናል። የኩባውን ሲከፍቱ «ጊታሩን ስሚ፣ ስፔን ነው። ከሥሩ ያለውን ምት ስሚ፣ እሱ ኮንጎ ነው» ይላሉ። የትሪኒዳዱን ሲከፍቱ ገዢዎቹ ከበሮ በከለከሉ ጊዜ ሰዎቹ ቀርከሃ መሬት ላይ እየወቀጡ እንደዘፈኑ፣ በኋላም የዘይት በርሜል ቀጥቅጠው ዜማ እንዳወጡለት ይነግሩናል። ሌሎቹ ተማሪዎች ይስቃሉ፣ ይጨፍራሉ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ። አልጠላሁትም፤ አልወደድኩትምም።

አንድ ቅዳሜ ከሦስቱ ከበሮዎች ትንሿን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። መካከለኛው በስፓኒሽ «ደስተኛው» ይባላል፤ እንደፈለገው የሚፈነጥዘው እሱ ነው። የእኔዋ «ጠሪዋ» ትባላለች። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ የጨፋሪው እግር መሬት ሲረግጥ ዝም ትላለች፣ እግሩ ሲነሳ አንዴ ትመታለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይኸው ነው።

«ደስ ባይለኝስ?» አልኳቸው።

«ደስ ማለት የሌላው ከበሮ ሥራ ነው» አሉኝ። «አንቺ ቦታሽ ላይ ተገኚ፣ ይበቃል።»

ያንን እችል ነበር። ወራቱን ሙሉ ቦታዬ ላይ ተገኘሁ።

በጋ ሲገባ ቡድኑ አዳራሹ ውስጥ ለሰፈሩ ሰው ሊጫወት ሆነ፤ ለልጆቹ የወላጅ ፈቃድ ወረቀት ተሰጠን። አባዬ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ሰጠሁት።

«ይሄ ደግሞ ሳይን የማደርገው ምንድን ነው?» ብሎ አነበበው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዶኛ ኢኔስ ዘንድ የቤት ሥራዬን የምሠራ ነበር የመሰለው። ፊቱ ተለዋወጠ። «የእናትሽ ሙት ዓመት ሳይወጣ ከበሮ? አንድ ቀን ሳታለቅሺላት ጭራሽ ከበሮ ትመቺ ጀመር?»

እጄን ይዞ ወደ ታች ወረደ።

ዶኛ ኢኔስ በሩን ሲከፍቱ እጃቸው ዱቄት ነበር። አባዬ እንግሊዝኛው ሲናደድ ይጠፋበታል፤ ስለዚህ በአማርኛ ተናገረ፣ እኔ መሀላቸው ቆሜ አስተረጎምኩ። «እርስዎን አከብራለሁ፣ በያቸው» አለኝ። አልኳቸው። «ይቺ ልጅ ግን ሐዘን ላይ ናት። እናቷ ሞታለች፣ በያቸው።»

ለዶኛ ኢኔስ እናቴ መሞቷን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው። የመንገድ አድራሻ እንደሚናገር ሰው አልኩት። ዶኛ ኢኔስ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ለአባትሽ ንገሪው» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ መንደር ሰው ሲሞት ዘጠኝ ሌሊት ነው የሚለቀሰው። ጸሎቱ ከስፔን የመጣው የካቶሊኮች ጸሎት ነው። ከበሮው ግን የአፍሪካ አያቶቻችን ነው። የሞተው ሰው መንገዱ እንዳይጠፋው ይመታለታል። እናቴን የሸኘኋት በከበሮ ነው።»

ተረጎምኩለት። አባዬ ለእሳቸው ይሁን ለእኔ ሳይለይ፣ «አባቴ ሲቀበሩ ካህናቱ ከበሮ መትተውላቸዋል» አለ። «መሪጌታ ስለነበሩ ነው። ረስቼው ነበር።» ይህንንም ተረጎምኩ።

«እናትየዋ ማን ትባል ነበር?» አሉ ዶኛ ኢኔስ።

«ወይንሸት» አለ አባዬ። ከቀብሩ ወዲህ ስሟን ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ቤት ስንመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገና ፈረመው። «እኔ ግን አልመጣም» አለኝ።

የዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኩምቢያውን ስንጀምር ሰዉ ተነስቶ ጨፈረ። እኔ እግር እግራቸውን እያየሁ፣ ሲነሳ እመታለሁ። በሦስተኛው ዘፈን ላይ ቀና ስል አባዬን አየሁት። የሐዘን ጥቁር ሹራቡን እንደለበሰ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዶኛ ኢኔስም ሳያዩት አልቀሩም፤ ጨዋታውን አቆሙና፣ ቀጣዩ እሳቸው መንደር ለሙት የሚዘፈን እንደሆነ፣ ከላይ ፎቅ ትኖር ለነበረች ሴት እንደሚሆን ለሰዉ ተናገሩ። ስሟንም ጠሩ። አፋቸው አልያዘላቸውም፤ «ዋይንሼት» ነበር ያሉት። ያም ሆኖ መቶ የሚሆን የማያውቃት ሰው ለእሷ ብሎ ዝም አለ።

ከአንድ ሰው ድምፅና ከሦስቱ ከበሮዎች በቀር ምንም አልነበረም። አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። አንዲት ጃማይካዊት ጎረቤታችን ወንበር አቀረበችለት፤ ተቀምጦም አለቀሰ። እኔ ቦታዬ ላይ ነበርኩ። እንባዬን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። መዳፌ ግን አቃጠለኝ፤ ማቃጠሉም ተሰማኝ።

ደረጃውን አብረን ስንወጣ አባዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመና ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንቺ ካልመጣልሽ አታልቅሺ» አለኝ። «እኔ አለቅስላታለሁ። አንቺ ከበሮሽን ምቺ።» ያን ቀን ምሽት ከአልጋው ሥር አንዱን ሻንጣ ጎትቶ አወጣ፤ ሹራቧን ሰጠኝ፤ እንዴት እንደተዋወቁም ነገረኝ። እየሰማሁት እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን እኔ ያኔ እናቴ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። የምኖረው ሰሜን ለንደን፣ አርችዌይ ነው፤ አባዬም ከእኔ ጋር ነው። ዶኛ ኢኔስ ወደ አገራቸው ተመልሰው እዚያው አረፉ። አዳራሹ ተዘግቷል። ባለፈው ወር ብሪክስተን አውቶቡስ ስጠብቅ ወጣቶች ከስልካቸው አዲስ ኩምቢያ ከፍተው ይጨፍሩ ነበር። የዋሽንቱን ድምፅ ኮምፒውተር ነው ያወጣው፤ ከላዩ የለንደን ልጆች ራፕ አለበት። ያም ሆኖ ውስጡ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ መለየት እችል ነበር፤ እዚያው የነበሩትን፣ በመርከብ መጥተው የገዙትን፣ በመርከብ ታስረው የመጡትን። አውቶቡሴ መጣ፣ ሄደ፤ ቀጣዩን ጠበቅሁ።

ለእናቴ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። ያኔ የማላለቅሰው ስለማልወዳት መስሎኝ ነበር፤ ለማንም ያልተናገርኩት ፍርሃቴ ይኸው ነበር። በቅርቡ ለአባዬ ነገርኩት። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ጆሮውም ደክሟል፤ ሁለቴ ደገምኩለት። ሲገባው ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አንቺ?» አለኝ። «ስትሞት እጇን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ነርሷ ናት ያስለቀቀችሽ።»

ይህን አላስታውሰውም ነበር። አሁንም አላስታውሰውም። ግን እሱ ያስታውሳል።